ከሃርለም የመጣው ራቢና የእኛ ብረት ቀጥቃጮች

ፕሮፌሰር አብይ ፎርድን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ በፊት ዋሽንግተን በሚገኘው ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ፊልም አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሲያርፉ የዜና ማሰራጫዎች «አንጋፋው መምህር» ብለው ሸኟቸው። «አብይ» ገብቶናል፤ «ፎርድ» የሚለው ስም ግን አዲስ አበባ ምን ሊሠራ መጣ ብሎ የጠየቀ ስንት ሰው ይሆን?

አባታቸው አርኖልድ ጆሳያ ፎርድ ይባላሉ። ባርቤዶስ የተወለዱ፣ ኒውዮርክ ሃርለም ውስጥ የኖሩ ጥቁር ሙዚቀኛ ነበሩ። ማርከስ ጋርቬይ ባቋቋመው የጥቁሮች ማኅበር ውስጥ የሙዚቃ ኃላፊ ሆነው ሠርተዋል፤ ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1920 መዝሙሩ አድርጎ የተቀበለውን የኢትዮጵያን ስም የሚጠራ መዝሙር ካዘጋጁት አንዱ እሳቸው ናቸው። በኋላ ራቢ ሆኑ። አዎ፣ የአይሁድ ራቢ። በ1924 እዚያው ሃርለም «ቤት ብናይ አብርሃም» የተባለ የጥቁሮች ምኩራብ አቋቋሙ። እምነታቸው ጥቁር ሕዝብ የጥንቱ እስራኤላዊ ነው፣ አገሩም ኢትዮጵያ ናት የሚል ነበር። ይህን ይዘው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ለተከናወነው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ አዲስ አበባ መጡ። አልተመለሱም። የጣልያን ወረራ በጀመረበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ እዚሁ ሞቱ። ባለቤታቸው ሚኞን ፎርድ ደግሞ ልጆቻቸውን ይዘው ቀሩና በኋላ ልዕልት ዘነበወርቅ የተባለውን ትምህርት ቤት መሠረቱ። የአዲስ አበባ ሰው ልጁን ልኮ ያስተማረበት ትምህርት ቤት ነው።

እኔ ይህን ታሪክ ያነሳሁት ስልካችን ላይ ስለሚዘዋወር ሌላ ነገር ነው። ካንዬ ዌስት እ.ኤ.አ. በ2022 ስለ አይሁዶች በጻፈውና በተናገረው ነገር አዲዳስ ውሉን ካቋረጠበት ጊዜ ጀምሮ «ጥቁሮችና አይሁዶች በአሜሪካ» የሚል ቁራጭ ቪዲዮ ከቲክቶክ ወደ ቴሌግራም፣ ከቴሌግራም ወደ እኛ ሰፈር ካፌ ይመላለሳል። መቱ ላይ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠ ልጅ፣ ብሩክሊንን በካርታ የማያሳይ፣ «አይሁዶች እኮ...» ብሎ ይጀምራል። ሌላው ደግሞ «ጥቁሮቹም እኮ ምስጋና ቢስ ናቸው» ይለዋል። አስተያየት መስጫው ሥር በአማርኛም፣ በአፋን ኦሮሞም፣ በእንግሊዝኛም ያው ነው። እኛ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ተመልካች ብቻ አይደለንም። ወደዚያ እመጣለሁ፤ መጀመሪያ አሜሪካን እናጥራ።

ሁለቱ ሕዝቦች ለረጅም ጊዜ አንድ ጎን ቆመው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1909 የጥቁሮችን መብት ለማስከበር የተቋቋመው ታላቁ ማኅበር፣ ኤን ኤ ኤ ሲ ፒ፣ ከመሥራቾቹና ከመሪዎቹ መካከል አይሁዶች ነበሩበት። የሲርስ ሮባክ የንግድ ድርጅት አለቃ የነበረው አይሁዳዊው ጁልየስ ሮዘንዋልድ ከቡከር ቲ ዋሽንግተን ጋር ተነጋግሮ የጀመረው ሥራ በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ለጥቁር ልጆች ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች እንዲሠሩ አድርጓል፤ ገንዘቡን ያወጣው እሱ ብቻ አይደለም፣ ጥቁር ገበሬዎችም ከኪሳቸው አዋጥተዋል። በ1964 ሚሲሲፒ ውስጥ ጥቁሮችን ለምርጫ ለማስመዝገብ ከሄዱት ወጣቶች ሦስቱ በአንድ ሌሊት ተገደሉ። አንዱ ጥቁር፣ ጄምስ ቼይኒ፤ ሁለቱ የኒውዮርክ አይሁዶች፣ አንድሩ ጉድማንና ማይክል ሽወርነር። በዓመቱ ማርቲን ሉተር ኪንግ ሰልማ ላይ ሲሰለፍ በዚያው ረድፍ ነጭ ጢማቸውን አንዠርግገው የሄዱት ራቢ አብርሃም ሄሸል ናቸው። እንግዲህ ፍቅሩ ወሬ ብቻ አልነበረም፤ ደም ፈሶበታል።

ታዲያ ምን ነካቸው? ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ክፉ ልማድ አለበት፤ ፍቅር ቀዘቀዘ ሲሉት «ቤት ኪራዩ ስንት ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ግን ጥያቄው ልክ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ መንግሥት ለተመላሽ ወታደሮችና ለመካከለኛው መደብ በርካሽ ወለድ የቤት ብድር እንዲያገኙ ዋስ ሆነ። ጥቁር የሚኖርበት ሰፈር ግን በካርታ ላይ በቀይ ተቀብቶ «ለብድር አደገኛ» ይባል ነበር። አይሁዶችም ከዚያ በፊት በብዙ ሰፈር «እዚህ አይሸጥላችሁም» ይባሉ ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ በሩ ለእነሱ ተከፈተ፣ ለጥቁሮች አልተከፈተም። በጣም የሚያሳዝነኝ ምሳሌ ሌቪታውን ነው። ኒውዮርክ አጠገብ ከ1947 ጀምሮ ከ17 ሺህ በላይ ቤቶች የተሠሩበት ሰፈር ነው። የሠራው ዊልያም ሌቪት አይሁዳዊ ነበር፣ የራቢ የልጅ ልጅ። ለጥቁር አልሸጥም አለ። እኔ በግሌ ጥላቻ የለኝም፣ ለጥቁር ከሸጥኩ ነጮቹ አይገዙኝም ነው የክርክሩ ፍሬ። በስደት የመጣ ሕዝብ ልጅ፣ የተገፋ ሰው ምን እንደሚሰማው ከቤቱ የሚያውቅ ሰው፣ ሒሳቡን ሠርቶ በሩን ዘጋ።

ጌሪ ቤከር የተባለ የቺካጎ ኢኮኖሚስት፣ እሱም ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ስለ አድልዎ ኢኮኖሚክስ መጽሐፍ አወጣ። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ የሚያገል ሰው ለማግለሉ ዋጋ ይከፍላል። ጥሩ ሠራተኛን በቀለሙ የሚመልስ ቀጣሪ ያንን ሠራተኛ ለተወዳዳሪው ይሰጣል፤ ስለዚህ ውድድር ሲበረታ አድልዎ እየከሰረ ይሄዳል። ክፍል ውስጥ ስንማረው ደስ ይላል። የሌቪት ነገር ግን ያስቸግራል፤ አግላዩ ደንበኛው ከሆነ ሻጩ በማግለል ያተርፋል እንጂ አይከስርም። ቤከርም ይህን አይክድም። መምህራን ግን ሰሌዳው ላይ የሚጽፉት የመጀመሪያውን ነው።

እናም አይሁዱ ወደ ከተማ ዳርቻ ሲሄድ ጥቁሩ በድሮው ሰፈር ቀረ። የቀድሞው ጎረቤት ቤቱን አከራየ፣ ሱቁንም አልዘጋም። ጄምስ ቦልድዊን እ.ኤ.አ. በ1967 በኒውዮርክ ታይምስ የጻፈው ጽሑፍ የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ የሃርለም ልጅ በየቀኑ የሚያገኘው ነጭ አከራዩና ባለ ሱቁ ነበሩ፣ እነሱም ብዙ ጊዜ አይሁድ ነበሩ። ባንኩን፣ ካርታውን በቀይ የቀባውን ቢሮ፣ ዋሽንግተን ያለውን ሕግ አውጪ ማን አየው?

ኢሉባቦር ያደገ ሰው ይህን በቡና ያውቀዋል። የዳሪሙ ገበሬ ጀንፈሉን አድርቆ የሚወስደው ለሰብሳቢው ነው። ዋጋውን በአብዛኛው የሚወስነው ኒውዮርክ ያለው ገበያ ነው፤ ብራዚል ውርጭ ሲመታው እዚህ ይጨምራል፣ ብራዚል ሲጠግብ እዚህ ይወርዳል። ዋጋ ሲወርድ የሚሰደበው ግን ሚዛኑ ፊት የቆመው ሰው ነው። አንዳንዱ ሚዛን ይሰርቃል፣ አይካድም። የማይሰርቀውም ግን ይሰደባል። ሰብሳቢው የሌላ አካባቢ ሰው ወይም የሌላ ሃይማኖት ተከታይ ከሆነ ደግሞ ስድቡ ስሙን ትቶ «እነሱ» ወደሚል ይዞራል። ድሮ ጎሬና ጋምቤላ የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች ቡናውን በባሮ ወንዝ በሚወርድ መርከብ ይልኩ በነበረበት ዘመንም «እነሱ» ነበሩ። ቁጣ መልክ ያለው ነገር ይፈልጋል። የዓለም ገበያ መልክ የለውም።

የዚያ ጥርቅም አንድ ቀን ይፈነዳል። እ.ኤ.አ. በ1968 በብሩክሊን ጥቁር ወላጆች ትምህርት ቤታቸውን እኛ እናስተዳድር ሲሉ፣ አብዛኞቹ አይሁድ የሆኑ መምህራን ሥራችን ተነካ ብለው አድማ መቱ፤ ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ከ1967ቱ የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት በኋላ ደግሞ በፍልስጤም ጉዳይም ተለያዩ። ነሐሴ 13 ቀን 1983 ዓ.ም. እዚያው ብሩክሊን፣ ክራውን ሃይትስ በተባለ ሰፈር፣ የአንድ ራቢ አጃቢ መኪና አንድ የ7 ዓመት ጥቁር ሕፃን ገጭቶ ገደለ። በዚያው ሌሊት አንድ አይሁዳዊ ወጣት በጥቁር ወጣቶች ተከቦ በጩቤ ተወጋ፣ ሞተ። ሁከቱ ሦስት ቀን ቆየ።

ቀኑን ልብ አላችሁት? 1983 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ግንቦት 16 እና 17፣ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከ14 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን አይሁዶች 36 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ወደ እስራኤል ተወስደዋል። ዘመቻ ሰለሞን። አንዱ አውሮፕላን መቀመጫው ተነቅሎ ከ1 ሺህ 80 በላይ ሰው ጫነ። ለደርግ መንግሥት እንዲከፈል የተባለውን 35 ሚሊዮን ዶላር ያሰባሰቡት በአብዛኛው የአሜሪካ አይሁዶች ናቸው፤ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ልዩ መልእክተኛ ሆነው አዲስ አበባ የመጡት የቀድሞ ሴናተር ሩዲ ቦሽዊትዝም በልጅነታቸው ከናዚ ጀርመን የሸሹ አይሁዳዊ ነበሩ። እንግዲህ በአንድ ክረምት ዋዜማ የአሜሪካ አይሁድ ለጥቁር አይሁድ ገንዘብ ያዋጣል፤ ክረምቱ ሳይወጣ ብሩክሊን ላይ ጥቁርና አይሁድ ይገዳደላሉ። አንዱን ብቻ የሚያሳይ ቪዲዮ ከላካችሁ ግማሹን ነው የላካችሁት።

አሁን ወደ እኛ። ራቢ ፎርድ ጥቁር አይሁድን ፍለጋ መጡ አልኳችሁ። ጥቁር አይሁድ ግን ከጥንትም ነበረ፤ ጎንደር፣ ወገራ፣ ስሜን፣ ደምቢያ፣ ቋራ። ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ይላሉ፤ እኛ ፈላሻ እንላቸው ነበር። አገር እንደሌለው፣ እንደ ስደተኛ ማለት ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነገሡት አፄ ይስሐቅ «የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ ይሁን» አሉ ይባላል። ቃሉ በትክክል ይሁን አይሁን፣ ውጤቱ መሬት ላይ ይታይ ነበር፦ ቤተ እስራኤል በአብዛኛው ርስት የለውም፣ የሰው መሬት አርሶ እኩሌታውን ወይም ሲሶውን ይሰጣል። ርስት የሌለው ሰው ምን ይሠራል? እጅ የሚበላውን። ወንዱ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸማ ሠራ፤ ሴቷ ሸክላ ሠራች። የጎንደር ቤተ መንግሥቶች ሲሠሩ ግንበኞችና አናጢዎች ሆነው የሠሩ ከእነሱ ነበሩ።

ከዚያ ደግሞ የሚገርመው መጣ። መሬት ስለተከለከሉ የያዙት ሙያ የክፋታቸው ማስረጃ ሆነ። ብረት በእሳት የሚያቀልጥ ሰው ቡዳ ነው፣ ማታ ጅብ ይሆናል፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ተባለ። ገበሬው ማረሻውን ከእነሱ ይገዛል፤ ያለ እነሱ ማረስ አይችልም። ልጁ ሲታመም ግን የሚከሰው ማረሻውን የሠራለትን ሰው ነው። የሃርለሙ ቢያንስ ባለ ሱቅና ባለ ቤት ነበር። የጎንደሩ ብረት ቀጥቃጭ ምንም ሳይኖረው ነው የተጠላው።

ይህ የጎንደር ጉዳይ ነው ብሎ የሚያልፍ የኢሉባቦር አንባቢ እንዳይኖር። እኛ ጋር አይሁድ አልነበረም፤ ቱምቱ ግን አለ። ብረት ቀጥቃጩ ቱምቱ፣ ቆዳ ፋቂው ፋቂ ይባላል፤ ወደ ሸካና ከፋ ስትሻገሩ ደግሞ ማንጆ አለ። ሃይማኖታቸው ከጎረቤታቸው የተለየ ባይሆንም ጋብቻ የለም። አንዳንድ ቤት ስኒያቸው ለብቻ ነበር። ወሬው ያው ነው፦ ዓይናቸው። ስለዚህ እኔ የቡዳን ነገር የሃይማኖት ጥል ብቻ ነው ለሚለኝ ሰው ዳሪሙን አሳየዋለሁ። የሌላ እምነት ሰው በሌለበትም መሬትንና ክብርን የያዘው ክፍል ከእጅ ባለሙያው ጋር ላለመጋራት ምክንያት ያገኛል።

የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ለቤተ እስራኤልም ለቱምቱም ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት የማግኘት መብት ሰጠ። ስለ ደርግ ብዙ ክፉ ነገር ይባላል፣ መባልም አለበት። ይህ ግን መዝገብ ላይ ይኑር። ብዙም ሳይቆይ 1977 መጣ። ረሀቡ በበረታበት በዚያ ዓመት የደርግ መኪናዎች የወሎን ሰው ጭነው ወደ እኛ ወደ ኢሉባቦር ሲያመጡ፣ የጎንደር ቤተ እስራኤላውያን በሌሊት በእግራቸው ወደ ሱዳን ይሄዱ ነበር። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ በዘመቻ ሙሴ ከ7 ሺህ ያላነሱ ተወሰዱ፤ በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ ሞቱ። በመጋቢት የቀሩትን ጥቂት መቶዎች የአሜሪካ አየር ኃይል አወጣቸው።

እዚያ ሲደርሱ ምን ጠበቃቸው? እዚህ ፈላሻ የተባለው ሰው እዚያ ጥቁር ተባለ። በ1985 እ.ኤ.አ. ራቢዎቹ አይሁድነታችሁ ስለሚያጠራጥር የማጥሪያ ሥርዓት ፈጽሙ ሲሏቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ ለሳምንታት ተቀምጠው ተቃወሙ። በ1996 ደግሞ የለገሱት ደም በድብቅ ይደፋ እንደነበር ጋዜጣ አወጣ። ምክንያቱ ኤችአይቪ ፍርሃት ተባለ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ በር ላይ ወጡ፣ ከፖሊስ ጋር ተጋጩ። በሚያዝያ 2015 የደንብ ልብስ የለበሰ ኢትዮጵያዊ የእስራኤል ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። ያን ሳምንት አሜሪካ ውስጥ ባልቲሞር በፖሊስ እጅ በሞተ ጥቁር ወጣት ምክንያት እየነደደች ነበር፤ የቴል አቪቭ ሰልፈኞችም ራሳቸውን ከባልቲሞር ጋር አመሳሰሉ። በ2019 ሰለሞን ተካ የተባለ ወጣት ከሥራ ሰዓት ውጪ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሲሞት መንገዶች ተዘጉ።

እዚህ ጋ ቆም ብዬ የማስበው ነገር አለ። ራቢ ፎርድ አስቀድሞ ጥቁር ነበሩ፣ ቀጥሎ አይሁድ ሆኑ፤ ጥቁርነታቸውን የሚያከብር አገር ፈልገው ኢትዮጵያ መጡ። ቤተ እስራኤል አስቀድሞ አይሁድ ነበሩ፤ አይሁድነታቸውን የሚያከብር አገር ፈልገው ሄዱና ጥቁር ሆኑ። ፎርድ አዲስ አበባ በደረሱበት ዓመት ጎንደር ያለው ጥቁር አይሁድ የአባቱን መሬት መውረስ አይችልም ነበር። ያቺ ጥቁሮች ከሃርለም ሆነው በመዝሙር የጠሯት ኢትዮጵያ የራሷን አይሁድ ቡዳ ትል ነበር።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ እስራኤል ያሉት ልቅሶ ላይ ብቻ አልተቀመጡም። ዛሬ ከ160 ሺህ በላይ ናቸው። ስግድ ከ2008 ጀምሮ የአገሪቱ ብሔራዊ በዓል ነው። በ3 ዓመቷ በዘመቻ ሙሴ የሄደችው ፕኒና ታማኖ ሻታ በ2020 ሚኒስትር ሆናለች። በሌላ በኩል ጎንደርና አዲስ አበባ «ዛሬ፣ ነገ» እየተባሉ ዓመታት የጠበቁ በሺዎች አሉ። ልጁ እዚያ፣ እናቱ እዚህ።

ባለፈው ዓመት ዳሪሙ ገበያ አንድ ሽማግሌ ብረት ቀጥቃጭ አጠገብ ቁጭ ብዬ በአፋን ኦሮሞ ብዙ አወራን። ክረምት ሊገባ ስለሆነ የማረሻ ሥራ በዝቶባቸዋል። ወናፉን የሚነፋላቸው የልጅ ልጃቸው ነው። «አባባ፣ ዛሬም እንደ ድሮው ነው?» አልኳቸው።

«የቱ?»

«ያው ስኒው፣ ጋብቻው...»

ሳቁ። «ስኒው ቀርቷል ልጄ። ካፌ ውስጥ ብርጭቆ ማን ይለያል? ጋብቻውን ግን ልጄን ጠይቀው፣ መቱ ነው።»

ልጃቸውን መቱ አገኘሁት። የብረታ ብረት ሥራ ቤት አለው፤ በር፣ መስኮት፣ የአጥር ብረት ይበይዳል። አብረውት አምስት ወጣቶች ተደራጅተው ይሠራሉ። ሁለቱ የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ናቸው፤ አንዱ የትልቅ ባለ ቡና ልጅ ነው። የብየዳ መነጽር አድርጎ፣ እሳት እየረጨ፣ ማንም ቱምቱ አይለውም፤ «ሜታል ወርክ» ነው የሚባለው። ገቢያቸው ከእኔ ገቢ ይበልጣል፣ እሱን ተዉት።

«ሥራው ያው ብረት አይደል እንዴ?» አልኩት።

«ያው ነው። ከአባቴ ጋ እሳቱ በከሰል ነው፣ እዚህ በመብራት።»

ቤከር እዚህ ቢኖር ደስ ይለው ነበር፤ ገበያው አድልዎን አሸነፈ ይል ነበር። እኔም ልል ስል ሰውየው ማሽኑን አጥፍቶ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለው።

«ይሄ የባለ ቡናው ልጅ ሙያውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አለኝ። «ባለፈው ጥር አገባ። ሚዜው ነበርኩ። እህቱን ደግሞ እኔ ስጠይቅ፣ ሽማግሌዎቹን በደንብ አስተናገዷቸው፣ ምሳም አበሏቸው። ከዚያ "ቤተ ዘመድ እንማከር" አሉ። ይኸው ስምንት ወራቸው ነው፣ እየተማከሩ ነው።»

ደንበኛ መጣ፤ የበር መለኪያ ይዞ ተነሳ።